ወፍራም ሆና እንዴት ይርባታል? የላቲና እናቶች ውፍረትና የወር መጨረሻው ባዶ ፍሪጅ

የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ከኦክቶበር 1 2025 ጀምሮ 43 ቀን ሙሉ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ፉድ ስታምፕ የምንለው (በመንግሥት ስሙ ስናፕ) የምግብ ድጋፍ በኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ሳይገባ ቀረ፣ ወደ 42 ሚሊዮን ሰው የሚጠቀምበት ነገር ነው፣ እና ፉድ ባንኮች (ለተቸገረ ሰው ምግብ በነፃ የሚያድሉት) በር ላይ ሰልፉ ብሎክ እየዞረ ሲታይ ከተሰለፉት ውስጥ ልጅ የያዙ ላቲና እናቶች ብዙ ነበሩ። ያኔ ከሰው አፍ ያልጠፋ አንድ ጥያቄ ነበር፣ «ይቺ ሴትዮ እኮ ወፍራም ናት፣ ምን ርቧት ነው የተሰለፈችው?» የሚል። እኛ ሀበሾች ዘንድ ደሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል፣ ምክንያቱም በቋንቋችን መወፈር ማለት መመቸት ነው፣ ከርሞ የተገናኘ ዘመድ «ወፈርሽ እኮ፣ ተመችቶሻል» ሲል እያመሰገነ ነው። የተራበ ሰው ከሲታ ነው፣ ወፍራም የጠገበ ነው፣ በቃ ሌላ ስዕል የለንም።

ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም። በአሜሪካ ላቲና ሴቶች ላይ ውፍረቱና የምግብ እጦቱ ብዙ ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሰው ላይ ነው የሚገኙት። ለአንዱ ክሊኒክ ለሌላው ፉድ ባንክ ብሎ ለሁለት መክፈሉ ለምን እንዳልሠራ ለመረዳት መጀመሪያ ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ ማየት ያስፈልጋል።

ቃላቱን እናጥራ

ላቲና የሚባለው ከሜክሲኮ፣ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ወይም ከካሪቢያን ስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የዘር ሐረግ ያላት ሴት ነው፣ በመንግሥት ስታቲስቲክስ ደሞ ሂስፓኒክ የሚለው ቃል ነው የሚሠራው። በዚህ አንድ ቃል ስር ብዙ የተለያየ ሰው ነው የታጨቀው። ኒውዮርክ ብሮንክስ ያለች የፖርቶ ሪኮ ሴት ስትወለድ ጀምሮ አሜሪካዊት ናት፣ የወረቀት ጣጣ የለባትም፣ ሳን ዲዬጎ ያለችው ሜክሲኳዊት ግን ወረቀት ሊኖራትም ላይኖራትም ይችላል፣ ማያሚ ያለችው ኩባዊት ደሞ ሌላ ታሪክ ናት። ከ2008 እስከ 2011 ከ16 ሺ በላይ ሂስፓኒኮችን የመዘገበው ትልቁ የጤና ጥናት አራት ከተማ የመረጠውም ለዚሁ ነው፣ ብሮንክስ፣ ቺካጎ፣ ማያሚና ሳን ዲዬጎ።

የምግብ ዋስትና ማጣት ሲባል ብዙ ሰው በልቶ አለማደር ይመስለዋል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የሚለካው ግን ከዛ ሰፋ ያለ ነገር ነው፣ ልጅ ላለው ቤተሰብ 18 ጥያቄ ያቀርባል፣ አንዱ «የገዛነው ምግብ አላዳረሰንም፣ ሌላ መግዣም አልነበረንም» የሚለው ባለፈው 12 ወር እናንተ ቤት ደርሷል ወይ ይላል፣ ሌላው «የተመጣጠነ ምግብ ለመብላት አቅማችን አልፈቀደም» የሚለውን ይጠይቃል። ስለዚህ ሆዱ የሞላ ሰውም የምግብ ዋስትና ላይኖረው ይችላል ማለት ነው። የጠፋው እርግጠኝነቱ ነው።

ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚባለው ደሞ ክብደት በቁመት ስኩዌር ሲካፈል (ቢኤምአይ የሚሉት) 30 እና ከዛ በላይ ሲሆን ነው። ቢኤምአይ ጡንቻና ስብ አይለይም፣ እንከን አለው፣ ግን በብዙ ሺ ሰው ላይ አዝማሚያ ለማየት ይጠቅማል።

አሁን ቁጥሩን እንየው። በ2023 ከአሜሪካ ቤተሰቦች 13.5 በመቶው የምግብ ዋስትና አልነበረውም፣ በነጮች ቤት 9.9 በመቶ ሲሆን በሂስፓኒኮች ቤት 21.9 በመቶ ነበር። ያለ አባት ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ዘንድ ከዘርም ዘሎ 34.7 በመቶ ይደርሳል። ውፍረት ላይ ስንመጣ በ2017 እና 2018 በተለካው መሠረት ከሂስፓኒክ ሴቶች 43.7 በመቶው ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው፣ ከነጭ ሴቶች 39.8 በመቶ። ልብ በሉ፣ ውፍረቱ ላይ ያለው ልዩነት አራት ነጥብ ገደማ ነው፣ ምግቡ ላይ ያለው ግን ከእጥፍ በላይ ነው። ስለ ላቲናዎች ሲወራ ግን የሚጮኸው ስለ ውፍረቱ ነው።

ወሩ እንዴት እንደሚያልቅ

ካሊፎርኒያ ሳሊናስ እንሂድ፣ የአሜሪካ ሰላጣ ቅጠል ከሚመረትባቸው ዋና ሸለቆዎች አንዱ ነው። እዛ ሰላጣ የምትቆርጥ የሁለት ልጆች እናት አስቡ። ወሩ ሲብት ሬንት ይከፈላል፣ በመጀመሪያዎቹ አስር ቀናት ውስጥ ደሞ የፉድ ስታምፑ ብር ካርዷ ላይ ይገባል፣ አማካዩ ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ዶላር ገደማ ነው። የዛን ሳምንት ፍሪጁ ውስጥ ዶሮ አለ፣ አቮካዶ አለ፣ ወተት አለ፣ ልጆቹ ብርቱካን ይልጣሉ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዶሮው እንቁላል ሆኗል። ሦስተኛው ላይ ሩዝና ባቄላ፣ ይሄ እንኳን ደህና ምግብ ነው። አራተኛው ሳምንት ሲመጣ በር ላይ ያለው የኬቸፕ ጠርሙስና ግማሽ ሽንኩርት ነው የሚታየው፣ ካቢኔቱ ውስጥ የፓኬት ኑድል፣ ቶርቲያ (የሜክሲኮ ቂጣ)፣ ዘይት፣ ስኳር። ለልጆቹ ትሠራለች፣ እሷ «በልቻለሁ» ትላለች፣ ሲጨርሱ ሳህን ላይ የቀረውን ቆማ ትለቅማለች፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ወደ እርሻ ስትሄድ ደሞ ጉልበት እንዲሆናት ስኳር የበዛበት ለስላሳ ትይዛለች።

ከዛ ካርዱ ይሞላል። ሰውነቷ ሁለት ሳምንት ሲጠብቅ የነበረ ሰውነት ነው፣ እና ትበላለች፣ ከሚያስፈልጋት በላይ ትበላለች፣ ማንም ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው። ይሄን በደንብ ያሳየ የድሮ ሙከራ አለ፣ በ1944 እና 45 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው አንሰል ኪስ 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት ምግብ ቀንሶባቸው ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን እንዲያጡ አደረገ፣ ከዛ ምግቡ ሲለቀቅላቸው በቀን ብዙ ሺ ካሎሪ ይበሉ ጀመር፣ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳን ረሃቡ አይለቃቸውም ነበር፣ የብዙዎቹ ስብም መጀመሪያ ከነበረው አልፎ ሄደ። እነዚህ ሰዎች የተመረጡት ጤነኞችና ጠንካሮች ስለሆኑ ነው፣ የፈቃድ ድክመት ብሎ ማለፍ አይቻልም። ያቺ እናት እንዲህ አይነቱን ነገር አነስ ባለ መጠን በዓመት 12 ጊዜ ነው የምታልፍበት።

በዛ ላይ ወቅት አለ። ኖቬምበር ገደማ የሰላጣው ሥራ ከሳሊናስ ተነቅሎ አሪዞና ዩማ ይሄዳል፣ ልጆቿ ትምህርት ላይ ስለሆኑ ተከትላ መሄድ ያልቻለች እናት እስከ ፀደይ ሥራ የላትም ወይም ቀንሶባታል፣ ስለዚህ ከወሩ ውጣ ውረድ በላይ የዓመቱም አለ ማለት ነው። የአሜሪካን ጠረጴዛ በአትክልት የሚሞሉት እጆች እቤታቸው አትክልት መግዛት ሲያቅታቸው ዝም ብሎ ለማለፍ ይከብዳል። የ1938ቱ የፌዴራል የሥራ ሰዓት ሕግ የእርሻ ሠራተኛን ከኦቨርታይም ክፍያ ውጪ አድርጎታል፣ በፌዴራል ደረጃ እስካሁን እንደዛው ነው።

ለምን ሴቶቹ ላይ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1995 ዊልያም ዲትዝ የሚባል የሕፃናት ሐኪም የአንዲት ወፍራም ልጅ ኬዝ አቅርቦ «ረሃብ ያወፍራል ወይ?» ብሎ ጠየቀ፣ ቤተሰቡ የድጎማው ቼክ ከመድረሱ በፊት ገንዘብ ሲያልቅበት ቅባት የበዛበት ርካሽ ምግብ ላይ ነበር የሚወድቀው። ቀጥሎ በ2001 ማሪሊን ታውንሰንድና ባልደረቦቿ የብሔራዊ የአመጋገብ ጥናት ዳታ አይተው ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች ድርሻ የምግብ ዋስትና ባላቸው ዘንድ 34 በመቶ፣ ትንሽ ባነሳቸው 41፣ መካከለኛ እጦት ውስጥ ባሉት ደሞ 52 በመቶ መሆኑን አሳተሙ። በ2017 ዳንኤል ኔትል የሚመራው የእንግሊዝ ቡድን ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲደምር ግንኙነቱ ጎልቶ የወጣው ባደጉ አገሮች ባሉ ሴቶች ላይ ነው፣ ወንዶችና ልጆች ላይ እንደዛ አልታየም።

ኔትል የኢንሹራንስ ሐሳብ የሚለውን አቀረበ፣ ማለትም ሰውነት ነገ ምግብ እንደሚመጣ እርግጠኛ ካልሆነ ዛሬ ያስቀምጣል፣ ክፉ ቀን እንዳለ የሚያውቅ ገበሬ ጎተራ እንደሚሞላው። ሌሎች ደሞ ነገሩ የእናትነት ነው ይላሉ፣ ከምግቡ መጀመሪያ የምትቀንሰው እናትየው ናት፣ ቀንሳ ቀንሳ ሲገኝ የምትበላውም እሷ ናት። ውጥረት አለ፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ አለ፣ ሁለቱም የምግብ ፍላጎትን ይጨምራሉ። ላቲና ሴቶች ዘንድ ደሞ ገቢው ራሱ ትንሽ ነው፣ አንድ ነጭ ወንድ አንድ ዶላር ሲያገኝ ላቲናዋ የምታገኘው 60 ሳንቲም አይሞላም።

የሚጠራጠሩም አሉ፣ ጥርጣሬያቸውም ተገቢ ነው። አብዛኛው ጥናት በአንድ ጊዜ የተነሳ ፎቶ ነው፣ ምክንያትና ውጤትን አይለይም። ምናልባት ድህነቱ ራሱ ሁለቱንም ለየብቻ እያመጣቸው ይሆናል፣ ወይም ደሞ በተቃራኒው ውፍረቱ ሥራ እያሳጣና የሕክምና ወጪ እያበዛ ምግቡን ያጠፋ ይሆናል፣ ወፍራም ሴቶች ቅጥር ላይ አድልዎ እንደሚደርስባቸው የታወቀ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሦስቱም በአንድ ላይ ነው የሚሠሩት፣ እና አንዱን ብቻ እውነተኛው ምክንያት ነው ብሎ መከራከሩ እናትየዋን አይረዳትም፣ ምክንያቱም በየትኛውም መንገድ ብንሄድ አራተኛው ሳምንት ላይ ፍሪጇ ባዶ ነው።

ርካሹ ካሎሪና ውሃው

አንድ ዶላር ይዞ ብዙ ካሎሪ የሚገዛ ሰው ዘይት፣ ስኳርና ነጭ ዱቄት ላይ ነው የሚያርፈው፣ ቲማቲምና ዓሣ ላይ አይደለም፣ ይሄ ሁሉም አገር ያለ ሂሳብ ስለሆነ ብዙ አልሄድበትም። ብዙ የማይወራው ውሃው ነው። በካሊፎርኒያ ሴንትራል ቫሊ፣ ለምሳሌ ኢስት ኦሮሲ በምትባለው ትንሽ የእርሻ ሠራተኞች መንደር፣ የቧንቧው ውሃ ከማዳበሪያና ከከብት እርባታ በሚመጣ ናይትሬት ለዓመታት ተበክሎ ኖሯል። ናይትሬት ሲፈላ አይጠፋም። ስለዚህ ሰው ውሃ ይገዛል፣ ውሃና ለስላሳ አንድ ሼልፍ ላይ በተቀራራቢ ዋጋ ሲቀመጡ ልጅ የትኛውን እንደሚያነሳ ግልጽ ነው። «ለስላሳ ተው፣ ውሃ ጠጣ» የሚለው ምክር እዛ መንደር ላይ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ወረቀትና ፍርሃት

ወረቀት የሌላት እናት ፉድ ስታምፕ አይገባትም፣ እዚሁ የተወለዱት ልጆቿ ግን ዜጋ ስለሆኑ ይገባቸዋል። ስለዚህ ብሩ የሚሰላው ለሁለት ልጅ ሆኖ ድስቱ ግን ከእናትና አባት ጋር ለአራት ሰው ይጣዳል። ያም ሆኖ ብዙዎች ለልጆቻቸው እንኳን ለማመልከት ይፈራሉ። በ2019 የወጣውና በ2021 የተሻረው የፐብሊክ ቻርጅ ደንብ (የመንግሥት ድጋፍ የወሰደን ሰው ግሪን ካርድ ሲያመለክት ሸክም ነው ብሎ የሚቆጥር) ከተሻረ በኋላም ፍርሃቱ አልለቀቀም። በ2025 ደሞ የፌዴራል መንግሥት የተጠቃሚዎችን ዳታ ከስቴቶች ጠየቀ፣ በጁን ሎስ አንጀለስ ላይ የኢሚግሬሽን አፈሳው በረታ፣ እና ሰው ወደ ሱቅና ወደ ፉድ ባንክ መሄዱን ራሱ ይፈራ ጀመር። ቤት ውስጥ ተዘግቶ ያለውን እየበሉ መዋል፣ አለመንቀሳቀስ፣ መጨነቅ፣ እነዚህም ክብደት ላይ የሚቆጠሩ ነገሮች ናቸው።

እዚህ ጋ ነገሩ ወደ እኛም ይመጣል። ጁላይ 4 2025 የተፈረመው ትልቁ የበጀት ሕግ ከፉድ ስታምፕ በአስር ዓመት ውስጥ ከ180 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይቀንሳል፣ የሥራ ግዴታውን እስከ 64 ዓመት ዕድሜ ድረስና ትንሹ ልጃቸው 14 ዓመት የሞላው ወላጆች ድረስ አስፍቶታል፣ በወር 80 ሰዓት መሥራትን ማሳየት አለባቸው። ስደተኛ (ሬፊውጂ) ሆነው የገቡና ጥገኝነት (አሳይለም) ያገኙ ሰዎች ደሞ ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ከድጋፉ እንዲወጡ ተደርጓል። ከኬንያና ከሱዳን ካምፕ የመጣች ሀበሻ እናትና ከሆንዱራስ ሸሽታ ጥገኝነት ያገኘች እናት በዚህ ሕግ አንድ ወረፋ ላይ ናቸው።

ለስላሳን ከካርዱ ላይ ማውጣት

አሁን ብዙ የሚያከራክረው ይሄ ነው። ከጃንዋሪ 1 2026 ጀምሮ ኔብራስካ፣ አይዋ፣ ኢንዲያና፣ ዩታና ዌስት ቨርጂኒያ በፉድ ስታምፕ ለስላሳ መጠጥ እንዳይገዛ ከልክለዋል፣ አንዳንዶቹ ከረሜላም ጨምረዋል። የሚደግፉት የሚሉት ግልጽ ነው፣ የሕዝብ ገንዘብ የስኳር በሽታ መግዣ መሆን የለበትም። የሚቃወሙት ደሞ ድሃን ብቻ ለይቶ መቆጣጠር ውርደት ነው ይላሉ፣ እንዲሁም ሰውየው ለስላሳውን በራሱ ብር ገዝቶ በካርዱ ሩዝ ይገዛል፣ ምንም አይለወጥም ይላሉ።

ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ስኳር የበዛበት መጠጥ ጎጂ መሆኑ አያጠራጥርም፣ ሜክሲኮ በ2014 በሊትር አንድ ፔሶ ታክስ ስትጥል ሽያጩ በመጀመሪያው ዓመት 5.5 በሁለተኛው 9.7 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የሜክሲኮው ታክስ ግን ሁሉም ሰው ላይ ነው፣ ሀብታሙም ይከፍላል። የአሁኑ ክልከላ ድሃው ላይ ብቻ ነው፣ በዛ ላይ የመጣው ድጋፉ እየተቀነሰ ባለበት ሰዓት ነው። አራተኛውን ሳምንት ባዶ እያደረጉ አንደኛው ሳምንት ላይ የሚገዛውን መቆጣጠር ዑደቱን አይሰብረውም ባይ ነኝ።

የተሻለ ማስረጃ ያለው ዊክ የሚባለው ፕሮግራም ላይ ነው፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሆን፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት የማይጠይቅ። በ2009 ፓኬጁ ሲከለስ ፍራፍሬና አትክልት መግዣ ተጨመረ፣ ጁስ ቀነሰ፣ በዳቦ ፋንታም የበቆሎ ቶርቲያ መውሰድ ተፈቀደ። ይቺ ቶርቲያ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ለሜክሲኳዊት እናት ቶርቲያ ማለት ለእኛ እንጀራ ማለት ነው፣ የምታውቀውን ምግብ ስጧት እንጂ የማታውቀውን ብትሰጧት ካቢኔት ውስጥ ይቀራል። ከ2010 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ዊክ ውስጥ ካሉ ከ2 እስከ 4 ዓመት ልጆች ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ከ15.9 ወደ 13.9 በመቶ ወርደዋል። ሙሉ ምክንያቱ ፓኬጁ ነው ማለት አይቻልም፣ ግን አልከለከለም፣ ጨመረ፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በ2009 ዲትሮይት ላይ የተጀመረው ደብል አፕ የሚባለው አሠራርም እንደዛው ነው፣ በፉድ ስታምፕ አትክልት ስትገዢ ተመሳሳይ መጠን ይጨመርልሻል።

ሐኪሙ ፊት

ክሊኒክ ስትሄድ ነርሷ ሚዛን ላይ ታወጣታለች፣ ሐኪሙ «ክብደት ቀንሺ፣ ትንሽ ትንሽ ብዪ፣ ሰላጣ ጨምሪ» ይላታል። ሰላጣ ቆራጭዋን። ፍሪጇ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቅበት መንገድ ግን ከ2010 ጀምሮ አለ፣ ከ18ቱ ውስጥ ሁለት ጥያቄ ብቻ ተወስዶ የተሠራ አጭር መጠይቅ፣ ምግብ ያልቅብናል ብለሽ ሰግተሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ የገዛሽው ሳያዳርስ ቀርቶ ያውቃል ወይ፣ በቃ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2015 ይሄን እንዲጠይቁ መክሯል። አዎ ካለች ምክሩ መቀየር አለበት፣ «ቁርስ ዝለዪ» ወይም «ጾም ይረዳል» የሚባለው ነገር ቀድሞም በግድ የምትዘልን ሴት ዑደቱ ውስጥ ይበልጥ ይከታታል።

የክብደት መቀነሻ መርፌዎቹም ወሬ ብዙ ነው። ከመርፌዎቹ አንዱ የሆነው ዌጎቪ በ2021 ሲፈቀድ የወር ዋጋው ከ1,300 ዶላር በላይ ነበር፣ የካሊፎርኒያው የድሆች ኢንሹራንስ ሜዲካል ደሞ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ለክብደት መቀነሻ ብቻ ሲሆን መክፈሉን አቁሟል። መድኃኒቱ ይሠራል፣ ይሄ አያከራክርም። ግን የምግብ ፍላጎትን የሚቀንስ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ያችኑ የምትበላትን ትንሽ ምግብ ጥራት ያላት ማድረግ አለባት፣ ፕሮቲንና አትክልት ያስፈልጋታል፣ ያ ደሞ ከኑድል አይገኝም።

ላቲናዎቹ ሰፈር ውስጥ ተስፋ የሚሰጠው ፕሮሞቶራ የሚባሉት ሴቶች ሥራ ነው፣ ከዛው ሰፈር የወጡ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ፣ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ሠራተኞች፣ በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። አንዲት ፕሮሞቶራ ኩሽና ቆማ ስለ ስኳር በሽታ እያወራች የዊክ ፎርሙን አብራ ትሞላለች፣ ፉድ ባንኩ የትኛው ቀን ትኩስ አትክልት እንደሚያመጣ ትናገራለች፣ ወረቀት የማይጠየቅበትን ቦታ ታሳያለች። ሁለቱን ችግር ያልለየችው እሷ ናት፣ ምክንያቱም የቆመችው ፍሪጁ አጠገብ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ማወቅ ራሱ ሊከብድ ነው። የሥራ ግዴታው እየጠበቀና ስደተኞቹ ከድጋፉ እየወጡ ባለበት ሰዓት፣ በሴፕቴምበር 2025 የግብርና መሥሪያ ቤቱ ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ ሲጠይቀው የኖረውን የምግብ ዋስትና ጥናት እንደሚያቆም አስታውቋል። ሚዛኑ ክሊኒኩ ውስጥ ይቀጥላል፣ ውፍረቱ ይለካል፣ «የገዛችሁት ምግብ አዳርሷችኋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን በአገር ደረጃ የሚጠይቀው አይኖርም።